«ካርድሽ ጠፍቷል» ያለ ሰው ይፈርምበት



ስለ ምግብ አዳራሻችን ወጥ መቅጠን በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ወጡ መቅጠኑ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከምግብ አዳራሹ አጥር ማዶ፣ ከፊሎቻችን ሙያ በምንማርበት፣ የቀረነውም ስንታመም በምንታከምበት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከወጥ እጅግ የሚበልጥ ነገር በየዕለቱ እየጠፋ እኛ አንዲት መስመር አልጻፍንም። የሚጠፋው የሰው ዶሴ ነው። ሕዝቡ «ካርድ» ይለዋል፤ የሕክምና ሰዎች «ቻርት» ይሉታል፤ በማንኛውም ስም ቢጠራ በውስጡ ያለው የአንድ ሰው የሕመሙ ታሪክ ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር።

አክስቴ ባለፈው ዓመት ከገጠር መጥታ ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት በሆስፒታሉ ተቆርጦ ወጣላት። የተቆረጠው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱም ከሳምንታት በኋላ ተጽፎ ወደ ዶሴዋ ገባ። «ውጤቱ ከካርድሽ ጋር ተያይዟል፤ በቀጠሮሽ ቀን ሐኪሙ ያነብልሻል» ተባለች። እርስዋም አመነች። የማታነበውን ወረቀት ለሚያነበው ሰው አደራ ሰጥታ አገሯ ገባች።

በቀጠሮዋ ቀን አብሬያት ሄድሁ። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምረን ተሰልፈን፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተራችን ደርሶ በካርድ ክፍሉ መስኮት የቀጠሮ ወረቀቷን አቀበልን። ልጁ ገባ፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ። «ካርድሽ ጠፍቷል» አላት። («አንቺ» ማለቱን ልብ በሉልኝ፤ በዕድሜ እናቱን ትሆናለች።) የት ሄዶ ጠፋ? ማን ወስዶት ጠፋ? ይህን የሚመልስ የለም። «ጊዜያዊ ካርድ እናውጣልሽ» ተባለችና ወጣላት። ጊዜያዊ ካርድ ማለት ስምና ዕድሜ ብቻ ያለበት ባዶ ወረቀት ነው፤ ዕድሜዋም ቢሆን ተሳስቷል። ያን ባዶ ወረቀት ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ወቀሳዬ በእርሱ ላይ አይደለም። የእብጠቱ ዓይነት ሳይታወቅ መድኃኒት ሊያዝ አይችልም። «ውጤቱን ፈልጋችሁ አምጡ፤ ካልተገኘ ምርመራው ይደገማል» አለን።

አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ልጄ፣ የሚደገመው ከየት ተቆርጦ ነው? ቆርጠው ጨርሰውት የለ!» አለች።

እኔም ዝም፣ ሐኪሙም ዝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተመላለስን። ካርድ ክፍሉ «ተመላላሽ ክፍሉን ጠይቁ» ይላል፤ ተመላላሽ ክፍሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ዋርድ ይሰደናል፤ ዋርዱ ደግሞ «እኛ የጨረስነውን ካርድ ወደ ካርድ ክፍል መልሰናል» ይላል። የበሬ ግንባር በምታህል ግቢ ውስጥ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ስንዞር ቆይተን፣ በመጨረሻ አንድ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ በኮሪደር አግኝቶን ጉዳያችንን ሰማና፣ «ፓቶሎጂ ላቦራቶሪው እኮ የራሱ መዝገብ አለው፤ ለምን እዚያ አትጠይቁም?» አለን። ሄድን። መዝገቡ ተገለጠ፤ ስሟና ቁጥሯ ተገኘ፤ የውጤቱ ቅጂ ወጣ። የተቆረጠው ሥጋ ራሱ በሰም ውስጥ ተቀብሮ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ቢያስፈልግ ዳግመኛ ሊታይ ይችላል። ይህ ሁሉ የፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀብን ግን ይህን ለእኛ መንገር የማንም ሥራ ባለመሆኑ ነው።

ጓደኞቼ፤ ጡት ውስጥ ለሚያድግ ክፉ በሽታ ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ የሕክምና ተማሪዎቹ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚያስቆጣኝ የወረቀቱ መጥፋት አይደለም። ወረቀት ይጠፋል፤ አይጥም ይበላዋል፤ ዝናብም ያበሰብሰዋል። የሚያስቆጣኝ «ጠፍቷል» የሚለው ቃል በአፍ ተነግሮ በአፍ መቅረቱ ነው። የተናገረው ሰው ስሙን አይጽፍም፤ ቀኑን አይጽፍም፤ የት የት እንደ ፈለገ አይጽፍም፤ አይፈርምም። ባለጉዳዩ በነጋታው ሲመጣ ሌላ ልጅ በመስኮቱ ተቀምጦ ያገኛል፤ ነገሩም እንደገና ከሀ ይጀመራል። በጽሑፍ ያልሰፈረ መጥፋት በመሥሪያ ቤት ዓይን ያልተፈጸመ ነገር ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ በዓመት ስንት ዶሴ እንደሚጠፋበት ቢጠየቅ፣ እውነቱን ተናግሮ «አንድም አልጠፋብኝም» ሊል ይችላል፤ ጠፋ ብሎ የጻፈው የለማ!

የአገራችንን መሥሪያ ቤት ደንብ እስቲ ተመልከቱ። ከግምጃ ቤት አንዲት መጥረጊያ ስትወጣ በሞዴል 22 ይፈረምባታል። ስትገባ በሞዴል 19 ተፈርሞላት ነው የገባችው። ገንዘብ ያዡ የአምስት ብር ሒሳብ ቢጐድልበት ከደመወዙ ይቆረጥበታል። የሰው ዶሴ ግን በተላላኪ ብብት ሥር ሁኖ ያለ ፊርማ ይወጣል፤ ያለ ፊርማም ይቀራል። መጥረጊያዋ ባለቤት አላት ማለት ነው፤ አክስቴ ግን የላትም።

ይህ የሆነው ደንብ ስለሌለ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ለአንድ በሽተኛ አንድ ቁጥርና አንድ ዶሴ ይኑረው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሜዮ ክሊኒክ ሄንሪ ፕላመር የተባለው ሐኪም ከእ.ኤ.አ. 1907 ጀምሮ ይህን አሠራር አስገብቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ መዝገብ ይጽፍ ስለ ነበር፣ አንዱ ሐኪም ያየውን ሌላው ለማወቅ መዝገብ ከመዝገብ እያገላበጠ መፈለግ ነበረበት። ወደ እኛ አገር ስንመለስም፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም ባወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ላይ ነገሩ ተጽፏል፤ ለአንድ ታካሚ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ የታካሚዎች ስም ማውጫ ይኑር፣ ዶሴ ከመደርደሪያ ሲወጣም በቦታው የመከታተያ ካርድ ይግባ ይላል። ይህች የመከታተያ ካርድ ዶሴውን ማን እንደ ወሰደው፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደ ሄደና በስንት ቀን እንደ ወጣ የሚጻፍባት ናት። ከካርቶን ተቆርጣ ትሠራለች። ዶላር አትጠይቅም። አክስቴ ዶሴ መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለች ካርድ ብትኖር ኖሮ የሦስት ሳምንቱ መንከራተት በአንድ እይታ ባለቀ ነበር።

ዶሴ እንዴት እንደሚጠፋ ለማወቅ ካርድ ክፍሉን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ተነጋግሬአለሁ። አንዱ ምክንያት የቁጥር መገላበጥ ነው። የ4317 ዶሴ በ4371 ቦታ ከገባ ከተቃጠለ አይሻልም፤ የተቃጠለውስ አመዱ ይገኛል። ሁለተኛው ግን እጅግ የሚያስገርም ነውና ትንሽ ልቆይበት። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ይህ ስም በአማርኛ ሲጻፍ እንኳ አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል። ፀሐይ የተባለች ሴት በአንዱ ቀን በፀሐዩ ፀ፣ በሌላው ቀን በጸሎቱ ጸ ትመዘገባለች። ስሙ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መልኩ አራትና አምስት ይሆናል። ባላገሯ የቀጠሮ ወረቀቷን ከጣለች፣ ስሟ በማውጫው ላይ በዚያው አጻጻፍ አይገኝምና አዲስ ካርድ ይወጣላታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ። እንዲህ ሁኖ አንዲት ሴት ሦስት ሴት ትሆናለች፤ አንደኛዋ የስኳር በሽተኛ፣ ሁለተኛዋ ደም ግፊት ያለባት፣ ሦስተኛዋ ፔኒሲሊን የማይስማማት። ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም የተጻፈው በሦስተኛዋ ዶሴ ላይ ነው፤ መርፌው የሚታዘዘው ደግሞ በአንደኛዋ። የቋንቋ መምህራኖቻችን ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙ ዓመት ተከራክረዋል፤ ክርክራቸው ካርድ ክፍል ድረስ ወርዶ የሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑን ግን የሰማ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን ምክንያት ያወቅሁት አቤቱታ ካቀረብሁ በኋላ ነው።

የውጤቱ ቅጂ ቢገኝም የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻና ሌላው ምርመራ ሁሉ ያለው በዋናው ዶሴ ውስጥ ነውና፣ ነገሩን ልተወው አልፈለግሁም። በመጀመሪያ ወደ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ሄድሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። «ሰምተናል፤ እናየዋለን» አሉኝ። በግድግዳው ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ብጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም። በሳምንቱ ተመለስሁ፤ «እናየዋለን»። በዚያ ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር የእኔም አቤቱታ እንደ አክስቴ ካርድ የጠፋ መሆኑን ነው፤ የነገርኋቸው በቃል ነዋ!

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፍሁ። የካርድ ቁጥሯን፣ የገባችበትንና ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ቀን፣ በመስኮቱ የተባለችውን፣ የተመላለስንበትን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ አሰፈርሁ። የጠየቅሁትም ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ዶሴው ይፈለግ፣ ካልተገኘ መጥፋቱ በጽሑፍ ይገለጽልን፣ በየክፍሉ መዝገብ ላይ ካለው ተሰብስቦ አዲስ ዶሴ ይደራጅላት። በሁለት ቅጂ አድርጌ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ወሰድሁት። መዝገብ ቤቱ አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን ዝም ብሎ ሊመልስልኝ ሲል፣ «ገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት» አልሁ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምንህ ነው?» አለችኝ። «ለማስታወሻ» አልኋት። አተመችው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ደብዳቤው ቁጥር ያለው ነውና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ መቅረብ ነበረበት፤ እርሱም በጠርዙ ላይ «ተፈልጎ በአስቸኳይ መልስ ይሰጥ» ብሎ መራው። የተመራለትም ክፍል በተራው መልስ የመጻፍ ግዴታ መጣበት። በአራተኛው ቀን የአክስቴ ዶሴ ተገኘ። ከወር በላይ «ጠፍቷል» የተባለው ዶሴ በአንድ ገቢ ቁጥር በአራት ቀን ተገኘ!

የት ተገኘ? የሬዚደንት ሐኪሞች ማደሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር፣ በግሉኮስ ካርቶን ውስጥ፣ በፋሻ ታስሮ። ከሌሎች 41 ዶሴዎች ጋር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ጥናት ተብሎ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬ ከበደኝ፤ ግን መጻፍ አለበት። ካርድ ክፍሉን ስረግም የከረምሁት እኔ፣ በመጨረሻ ሌባውን ያገኘሁት በእኛው ቤት ነው። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ ቢለቀቅ ኑሮ ሂዶ የሚወድቀው በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነበር። በዚህ ግቢ ውስጥ «የታካሚዎችን ካርድ ወደ ኋላ ተመልሶ በመመርመር» የሚል ሐረግ ያለበት የመመረቂያ ጽሑፍ ስንት እንዳለ ቤተ መጻሕፍቱ ይመስክር። ጥናቱ መልካም ነው፤ አስፈላጊም ነው። ነገር ግን ለጥናቱ የወጣው ካርድ ባለቤት ጥናቱ በሚጻፍበት ወር በመስኮቱ ቁማ «ጠፍቷል» ትባል ይሆናል ብሎ ያሰበ ተማሪ ማነው? መምህራኖቻችን፤ እናንተም የጥናቱን ሐሳብ ስታጸድቁ የናሙናውን ቁጥር፣ የቀመሩን ዓይነት፣ የማጣቀሻውን አጻጻፍ ሳይቀር ትጠይቃላችሁ። ዶሴዎቹ በስንት ቀን እንደሚመለሱ የጠየቀ ገምጋሚ እስካሁን አላጋጠመኝም። በጥናቶቹ ውስጥ «መረጃቸው ያልተሟላ ካርዶች ከጥናቱ ተወግደዋል» የምትል ዓረፍተ ነገርም አለች፤ ሁልጊዜ አነባታለሁ። ካርዶቹ ለምን እንዳልተሟሉ እስቲ አንድ ሰው ያጥና!

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ ከማሳተሜ በፊት ረቂቁን ያሳየኋቸው ሰዎች ያነሡብኝን ተቃውሞ ልመልስ።

አንድ የማከብራቸው መምህር «የገዛ ቤታችንን ገመና ለምን በአደባባይ ታወጣለህ?» አሉኝ። ገመናው የወጣው በእኔ አይደለም፤ በመስኮቱ ፊት በተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ አፍ ውስጥ ያለ ነው። ያልሰማነው እኛ ብቻ ነን።

ሌላው «ድኽነት ነው፤ ካርድ ክፍሉ ጠባብ፣ ሠራተኛው ጥቂት፣ ደመወዙም ለቤት ኪራይ የማይበቃ ነው» አለኝ። እውነት ነው። በመስኮቱ የተቀመጠው ልጅ በቀን በመቶ የሚቈጠር ሰው የሚያስተናግድ፣ በአቧራ ሳል የያዘው ምስኪን ነው፤ እርሱ ይባረር የሚል አቤቱታ ከሆነ ፊርማዬን አልሰጥም። ነገር ግን የዶሴ መጥፋት የድኽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሀብታም አገር ባልታየ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከእ.ኤ.አ. 2011 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአገሪቱ የጤና አገልግሎት ስም የሐኪሞችን ደብዳቤ የማድረስ ሥራ የተሰጠው ኩባንያ ከ700,000 የሚበልጡ የሕክምና ወረቀቶችን ለየሐኪሙ ማድረስ ሲገባው በመጋዘን አከማችቷቸው ተገኝቷል፤ ከእነርሱም መካከል የምርመራ ውጤቶችና የሕክምና ዕቅዶች ነበሩባቸው። ለሕዝብ የተገለጸው በ2017 ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት መርምሮ ዘገባ አወጣ፤ ባለሥልጣኖቹም ለምክር ቤታቸው መልስ ሰጡ። ሀብታቸው ወረቀቱን ከመጋዘን አላዳነውም። ልዩነቱ በኋላ የተከተለው ነው፤ ስንት እንደ ጠፋ ተቈጠረ፤ ተጻፈ፤ ስለ እርሱም የተጠየቀ ሰው ነበረ። ለመቍጠር ደግሞ ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

«ኮምፒዩተር ሲገባ ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉም አሉ። ሚኒስቴሩ ከ2008 ዓ.ም በጀመረው የጤና ዕቅዱ «የመረጃ አብዮት» የሚለውን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ ካርድን በኮምፒዩተር መያዝ የጀመሩ ሆስፒታሎችም አሉ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ስምን አሳስቶ የሚጽፍ እጅ በብዕር ቢጽፍም በቁልፍ ሰሌዳ ቢጽፍም ያው ያሳስታል። በመስኮቱም ላይ «ጠፍቷል» የሚለው መልስ ቀርቶ «ሲስተም የለም» የሚል ተተክቶ ሰምቻለሁ። በሁለቱም የሚፈርም የለም።

ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ ግን የመጣው ከአክስቴ ነው። ማመልከቻውን ይዤ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «ተው ልጄ፤ ነገ መርፌ የሚወጋኝ እርሱ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ይህ የፈሪ ቃል አይደለም፤ የአዋቂ ቃል ነው። ሐኪሙ ያኮርፍብኛል፣ አስታማሚዋ ፊት ትነሣኛለች፣ አልጋ ይከለከለኛል ብሎ የሚሰጋ በሽተኛ አቤት ቢል የሚከፍለው በገላው ነው። እኛ ተማሪዎች የምናስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። አንዲት ባላገር በስሟ ብቻዋን የማትችለውን፣ የተማሪዎች ማኅበር በማኅተሙ ይችላል።

የሕግ ተማሪ አይደለሁም፤ ያነበብሁትን ብቻ ልጥቀስ፤ ስሕተት ካለበት የሕግ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም ያርሙኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ዛሬ ነገ እየተባለ የሚመላለስ ባለጉዳይ ይህችን ሁለት ዓመት ልብ ይበላት! በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ውስጥ አስገብቶታል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪነቱንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። እንግዲህ በር ሞልቷል። በሮቹ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ሆስፒታሉን ጠይቀህ ምን አለህ? አሳየኝ» ይላሉ። የሚያሳየው ወረቀት የሌለው ሰው በእነዚህ ሁሉ በሮች ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ለዚህ ነው የመስኮቱን ፊርማ አጥብቄ የያዝሁት።

አባቶቻችን «አቤት!» እያሉ በየአደባባዩ ደጅ ይጠኑ ነበር፤ እስከ 1966 ዓ.ም ድረስ ዙፋን ችሎት የሚደርስም ነበር። ዛሬም በየፍርድ ቤቱ በር ማመልከቻ ጻፊዎች ከጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የባላገሩን ብሶት በገንዘብ ይጽፉለታል። በሆስፒታል በር ግን አንድም ጻፊ የለም። እኛ ከአንድ ሺህ የምንበልጥ ጽሑፍ ዐዋቂዎች አጥር ለአጥር ተቀምጠን!

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው። በሳምንት ሁለት ጧት ተራ ገብተን፣ በካርድ ክፍሉ አቅራቢያ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስቀምጠን፣ ካርዱ ጠፋ ለተባለ ሰው ሁሉ ማመልከቻ በነፃ እንጻፍ። በሁለት ቅጂ እንጻፍ፤ መዝገብ ቤት ድረስ አብረን ሄደን ገቢ ቁጥር እናስመታ። ባለጉዳዩ ስሙ እንዳይነሣ ከፈራ በማኅበሩ ስም እንጻፍለት። የጻፍነውንም በራሳችን ደብተር እንመዝግብ፤ በዓመቱ መጨረሻ ስንት «ጠፍቷል» እንደ ተባለ፣ ስንቱ እንደ ተገኘና የት እንደ ተገኘ በዚህ መጽሔት እናውጣው። ከሆስፒታሉም አንድ አጭር ቅጽ እንጠይቅ። ካርድ ታጣ ሲባል ቀኑ፣ የተፈለገበት ቦታና የፈላጊው ስም ተሞልቶ፣ ከሥሩ ተፈርሞ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ በዚያው ወረቀት ላይም ላቦራቶሪው፣ ዋርዱ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍልና መድኃኒት ቤቱ ከየመዝገባቸው ያላቸውን ቅጂ እንዲያወጡለት ይታዘዝ። በመጥፋቱ ምክንያት የሚደገም ምርመራ ካለ ገንዘቡን ሆስፒታሉ ይቻል፤ ያላጠፋው ሰው ሁለት ጊዜ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

በራሳችን ላይ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ሕግ እናውጣ። ለጥናት ዶሴ የሚያወጣ ተማሪ በመከታተያ ካርዱ ላይ ስሙንና የሚመልስበትን ቀን ጽፎ ይፈርም፤ ዶሴውን እዚያው ካርድ ክፍል ባለው ጠረጴዛ ላይ ያንብብ እንጂ ወደ ማደሪያው አይውሰድ፤ የመጨረሻዋን ዶሴ ሳይመልስም መምህሩ የመመረቂያ ጽሑፉን አይቀበሉት። ይህን የምለው አንዳንድ የሕክምና ጓደኞቼ እንደሚቀየሙኝ ዐውቄ ነው። ኮሪደር ላይ አግኝቶን ወደ ፓቶሎጂ የመራን ያ ተማሪ ግን፣ ይህን ሳነብለት፣ «ጻፈው» አለኝ።

የአቤቱታው ረቂቅ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በፊት እየመጣችሁ አንብቡት፤ የሚታረም ካለ አርሙ፤ የተስማማችሁ ፈርሙበት። የመምህራን ፊርማ የሚሰፍርበት ሉሕ ለብቻው ተዘጋጅቷል፤ እስካሁን አራት ስም አለበት።

አክስቴ መድኃኒቷን ጀምራለች። የአልጋ ሥሩን ካርቶን በተመለከተ፣ ትናንት ማታ ሄጄ አይቼው ነበር። የእርስዋ ዶሴ ወጥቶ ወደ ካርድ ክፍል ተመልሷል። የቀሩት 41 ግን በፋሻ እንደ ታሰሩ እዚያው አሉ።